የጋሽ ዘመንፈስ ሰይጣኖች

ሰይጣንን ፎቶ አንስቼ አውቃለሁ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ፤ ብርሃኑን አስተካክዬ፣ ጀርባውን መርጬ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የእኛ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ግን አልሳቁም፤ "ወንድም ኤጀታ፣ እንጸልይልህ ወይ?" አሉኝ። ጸሎት እምቢ የምል ሰው አይደለሁምና ጸልዩልኝ አልኳቸው። ካሜራዬን ግን አላስቀመጥኩም።

ፎቶ ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ታክሲው ማርሽ ቀይሮ የሚያቃስትበት ቦታ። ክፍሏን ያከራዩኝ ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው አሳጥሬ ጋሽ ዘመንፈስ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ከየካ እስከ ሱሉልታ በስንቱ ደብር ግድግዳ ላይ እጃቸው አለ። በኋላ ግን የታተመ ሸራ መጣ። ሥዕሉን በጥቅል ገዝቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ተጀመረና ጋሽ ዘመንፈስን የሚጠራ ደብር ጠፋ። ሰዉ ጡረታ ወጡ ይላቸዋል። እሳቸው "ሥራ ቀየርኩ እንጂ ምን ጡረታ ወጣሁ!" ብለው ይቆጣሉ።

ቀየርኩ ያሉትን ሥራ ያየሁት ልጣላቸው በሄድኩበት ቀን ነው። የፎቶ ቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምቱ በገባ በሳምንቱ የሙሽሮች ፎቶ ረጥቦብኝ ደሜ ፈላ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ምላሴን አላምነውም። ግቢውን አቋርጬ፣ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ጋሽ ዘመንፈስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ የሰዓት ሠሪ ማጉያ አስረዋል። በግራ እጃቸው የጠርሙስ ቡሽ ይዘዋል፤ ቡሹ ላይ አውራ ጣት የምታክል ነገር ቆማለች። ልናገር አፌን እንደከፈትኩ ዓይኔ እዚያች ላይ አረፈ።

ድንክ ነው። ጢሙ እስከ ቀበቶው የወረደ፣ መጥረቢያ በሁለት እጁ የጨበጠ፣ ከእርሳስ የተሠራ ድንክ፤ እርሳስ የምለው የሚጻፍበትን ሳይሆን ጥይት የሚሠራበትን ብረት ነው። የጢሙ ጸጉር እያንዳንዱ ለብቻው ብርሃን ይዟል። ጉንጩ ላይ የብርድ ቅላት አለ። ቀበቶው ላይ የተሰፋው ክር ሳይቀር ይታያል። እኔ ሰው ፊት ላይ ብርሃን በማስቀመጥ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ብርሃን ይህን በምታህል ፊት ላይ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም ነበር። ጣሪያውን ረሳሁት።

"ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ! የቀረጸው ሰው ግን እጁ ይባረክ" አሉኝና መቀባታቸውን ቀጠሉ።

ከኋላቸው የባለቤታቸው የእትዬ በለጡ ቡፌ ቆሟል። መስታወቱ ውስጥ ብርጭቆና ሳህን መኖር ሲገባው የቆመው ሌላ ነው፤ ባለ ቀንድ፣ ባለ ክንፍ፣ የፍየል እግር ያለው፣ ጦር ያነገቡ አጽሞች፣ ሾጣጣ ቆብ የደፋ ጠንቋይ፣ ፈረሱ ሳይቀር የብረት ልብስ የለበሰ ጋላቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጅራቱን በራሱ ላይ የጠመጠመ ዘንዶ። ዓይኔ አዋጅ ሆነበት፤ የቱን አይቼ የቱን ልተው!

"ብርጭቆዎቼን አስወጥቶ ሰይጣን አስገባበት" አሉ እትዬ በለጡ ከበሩ ላይ። "እንግዳ ሲመጣ ምን ብዬ ቡፌ ልክፈት? አንተ ሽማግሌ ሁነኝና ንገርልኝ እስቲ።"

ሽማግሌ ልሆናቸው አልቻልኩም። የልጅነት ዓይኔ ተመልሶልኝ ቡፌው ፊት በርከክ ብዬ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከግቢው በስተጀርባ ባለችው ክፍል አንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። በ1983 ከተማው ሲታመስ ሰውየው በችኮላ ወደ አገሩ ሄደ። "እመለሳለሁ፣ ይችን ጠብቁልኝ" ብሎ አንድ የብረት ሳጥን ትቶላቸው ነበር፤ አልተመለሰም፤ ወሬውም አልተሰማ። ዓመታት አልፈው ሳጥኑ መዛግ ሲጀምር ጋሽ ዘመንፈስ ዕቃው እንዳይበላሽ ብለው ከፈቱት። በጋዜጣ የተጠቀለሉ የእርሳስ ምስሎች ሞልተውበታል፤ ከፊሉ ምንም ያልተቀባ፣ ከፊሉ ግማሹ ተቀብቶ የቀረ። ግማሹ የቀረ ሥዕል አይቶ ዝም የሚል ሰዓሊ ደግሞ አልተፈጠረም።

ጋሽ ዘመንፈስ በመጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ "የማን ገድል ይሆን?" የሚል ነው። ፈረሰኛ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ ሰይጣን አለ፣ ጠንቋይ አለ፤ ይህ ሁሉ የአንድ ታላቅ ጻድቅ ታሪክ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? የጻድቁን ስም ባያውቁትም ገድሉን በሐሳባቸው ደርሰው ጨረሱት። ድንኩ የጻድቁ አገልጋይ ነው አሉ፤ ጠንቋዩ መተተኛ፤ አጽሞቹ ጻድቁ ያስነሳቸው ሙታን። ቡፌውንም እንደ መቅደስ ግድግዳ ከፋፈሉት፤ ቅኖቹን ከላይ፣ ክፉዎቹን ከታች።

ከዚያ መሰብሰብ መጣ። ጋሽ ዘመንፈስ በየኤምባሲው ሠፈር ካሉ ዘበኞች ጋር ወዳጅ ናቸው። ፈረንጅ ዕቃውን ሸጦ ሊሄድ ነው ከተባለ ቀድመው ይደርሳሉ። ሌላው ሰው ፍሪጅና ሶፋ ሲሻማ እሳቸው የልጆቹን መጫወቻ ካርቶን ያገላብጣሉ። ፕላስቲክ ከሆነ ይጥሉታል፤ "ይሄ ነፍስ የለውም" ነው የሚሉት። አሮጌ እርሳስ ካገኙ ግን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ክብደቱን ይመዝናሉ፤ ፊታቸው ይበራል። ቤት ወስደው ሌላ ሰው የቀባውን ወፍራም ቀለም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክረው ያወልቁለታል፤ ከሥሩ አፍንጫውና ጥፍሩ ብቅ ሲል "ይኸው፣ ታፍኖ ኖሮ!" ይላሉ። ከዚያ ነጭ ቀለም በስሱ ያለብሱትና ከልብሱ እጥፋት ጥላ ጀምረው ወደ ብርሃኑ ይወጣሉ። ዓይን መጨረሻ ነው። ዓይን የሚሥሉበትን ብሩሽ ከድመታቸው ጅራት ጸጉር ራሳቸው ይሠሩታል፤ ድመቷ ብሩሽ የሚሠሩበትን ቀን ታውቀዋለች፣ ከቤት ትጠፋለች።

ፎቶ ላንሳቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘመንፈስ ደስ አላቸው። ትንሽ ነገር ከቅርብ የሚያጎላውን ሌንሴን ይዤ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት መብራቱን አለስልሼ፣ ቀንዳሙን ትልቁን ሰይጣን ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አቆምኩት። በሌንሱ ሳየው ደነገጥኩ። በግራው በኩል እሳት የመሰለ ዓይን አለው፤ ቀኙ ባዶ ነው። ቆዳው ተቀብቷል፣ ሽፋሽፍቱ ተሥሏል፣ ዓይኑ የለም።

"ጋሼ፣ ይሄን ረስተውታል" አልኳቸው።

ጋሽ ዘመንፈስ በአንዲት እርምጃ መጥተው ሰይጣኑን በጎኑ አዞሩት። "ፊት ለፊት ማን አንሳ አለህ? ሰይጣን ሙሉ ፊት አይሰጠውም! ሙሉ ፊት የሚሣል ቅን ነው። ክፉ በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ግድግዳችንን አይተህ አታውቅም እንዴ?"

"እኛ ግድግዳ ላይ ሥዕል የለንም ጋሼ።"

"ምስኪኖች!" አሉኝ ከልባቸው አዝነው። "ምእመኑ ከሰይጣን ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጥም ነው፣ ገባህ? ነገር በዓይን ይገባል።"

ግድግዳ ጠፍጣፋ ነው፤ በጎኑ የተሣለ ሰይጣን ሌላኛው ዓይን አለው ወይስ የለውም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይሄ ግን ድቡልቡል ነው፣ ዞሮ ይታያል። ጋሽ ዘመንፈስ በማይታየው በኩል እንኳ ሕጉን አልጣሱም፤ እዚያ በኩል ዓይኑን ነፈጉት። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ምስል የቀባ ሌላ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ያን ቀን ነው የወደድኳቸው፤ እንዲህ ነው እንጂ ሥራ አልኩ።

ፍርዱ ታዲያ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከረጢት ያነገበ፣ ጣቱን አፉ ላይ ያደረገ ሌባ ነበረ፤ ሁለት ዓይን ሠሩለት። "ሌባ አይደለም እንዴ?" ብላቸው "ገና አልሰረቀም፣ ከረጢቱ ባዶ ነው" አሉኝ። ስለ አጽሞቹ ስጠይቃቸው "አጽም ዓይን የለው፣ ፍርዱ ከኔ በላይ ነው" አሉ። በዘንዶው ላይ ግን ምክርም አልሰሙ። "ዘንዶን እንኳ እኔን አታስተምረኝ፤ ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ስንቱን ዘንዶ ሥያለሁ!"

እኔም በዓመታት ውስጥ ተማርኩ። ምስሎቹን በስቱዲዮ መብራት ማንሳት ሲሰለቸኝ ይዘናቸው እንጦጦ ወጣን። የጽድ ሥር፣ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ቋጥኝ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፤ አውራ ጣት ለሚያህል ፍጡር ያ ሁሉ ገደልና ጫካ ነው። መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉም እስኪመጣ እየጠበቅሁ አነሳቸዋለሁ። ጋሽ ዘመንፈስ ጃንጥላ ይዘው ከጎኔ ይቆማሉ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው ያዩናል፤ አንዷ "አይ የሰው ጤና!" ብላ ከነሸክሟ ስቃ አለፈች። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው ዘንዶ በፎቶው ላይ ቤተ ክርስቲያን ያህላል። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የምኮራባቸው እነዚያ ናቸው፤ ሙሽራ ያላችሁ አትቀየሙኝ።

ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ቤት ወስጄ እንዲህ ዓይነት ምስል የሚሰበስቡ ሰዎች በሚገናኙበት ገጽ ላይ ለጠፍኳቸው። ጉድ ፈላ። ሰዎቹ ምስሎቹን አወቋቸው፤ ለካ ዳይስ የሚባል ባለ ነጥብ ኩብ እየጣሉ የሚጫወቱት የአሮጌ ጨዋታ ወታደሮች ናቸው። አንድ ዓይናቸው ግን አነጋገራቸው፤ ማን ነው ይሄ ሰዓሊ፣ ሌላ ጨምርልን ይሉኝ ጀመር። ለጋሽ ዘመንፈስ ገድል ሳይሆን ጨዋታ ነው ብዬ ስነግራቸው "ልጆች ሰይጣን ማሸነፍ ይለማመዱበታል ማለት ነው፤ ክፉ አይደለም" አሉ።

በሚሊኒየሙ ዓመት አንድ የሥዕል ማኅበር አራት ኪሎ ባለው አዳራሹ ምስሎቹንና የኔን ፎቶዎች ሊያሳይልን ተስማማ። ለግንቦት ተቀጠረ። የማኅበሩ ሰዎች የወደዱት ያንኑ የዓይኑን ነገር ነው፤ የግድግዳው ሕግ እርሳስ ላይ ወርዶ ማየት ለእነሱም አዲስ ነበር። ጋሽ ዘመንፈስን የሚጠራቸው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! "አዳራሽ? ለኔ?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ለመክፈቻው ቀን የሚለብሱትን ኮት እትዬ በለጡ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት።

በዚያው ሰሞን የጋሽ ዘመንፈስ ቀኝ ዓይን ጠፋ። ሲደክም የኖረ ዓይን ነው፤ የማጉያው ጥፋት ነው እያሉ ዝም ብለውት ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላቸው፤ የቀኙ ብርሃን አይመለስም፣ ግራው ግን ጠብታውን ካላቋረጡ ይተርፋል። እኔ ግራው በመትረፉ ፈጣሪን አመሰገንኩ። እሳቸው ግን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ደረሱ።

ምስሎቹ በዚያን ጊዜ ለአዳራሹ ይዘጋጁ ስለነበር ፎቶ ቤቴ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ዘመንፈስ ብሩሻቸውን ይዘው መጡ። "ትልቁን አምጣልኝ" አሉ። የጎደለ ነገር ሊያስተካክሉ መስሎኝ ቀንዳሙን ሰጠኋቸው። ተቀመጡ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ ከጎኑ ጠረጴዛውን ነኩ፤ እንደገና ሞክረው አገኙት። ወደ ሰይጣኑ ፊት ሲወስዱት ገና ሳይደርስ አየሩን ይቀባሉ፤ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ድንገት ዘው ብሎ ጥቁር ነጠብጣብ አፍንጫው ላይ አረፈ። አንድ ዓይን ርቀት አይለካም። ያኔ ነው ብሩሹ ወዴት እየሄደ እንደነበር የገባኝ።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"ዓይኑን እየሰጠሁት።"

"ለሰይጣን?"

"ለሰይጣን። እኔን ማን ፈራጅ አደረገኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ነህ፣ ክፉ ነህ እያልኩ ዓይን ስነፍግ ኖርኩ። ይኸው፣ የኔንም ወሰደው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።"

"ጋሼ፣ የዓይን ግፊት ነው! ሐኪሙ ነግሮናል እኮ!"

"በምን እንደጠፋ ነው የነገረኝ። ለምን እንደጠፋ አልነገረኝም" አሉ። "ሁሉንም እሰጣቸዋለሁ። ሰው ሳያያቸው፣ አዳራሽ ሳይገቡ።"

ሁሉንም! በዚያ ብሩሽ፣ በዚያ በማይለካ እጅ። የዓመታት ሥራ፣ በዓለም ላይ አምሳያ የሌለው ሥራ፣ ዓይኔ እያየ ሊጨማለቅ ነው። ትሪውን ከነምስሎቹ ከፊታቸው አንስቼ "አልሰጥም!" አልኩ፤ በደጅ የሚያልፍ ሰው ቆሞ እስኪያይ ጮኬ። "የእጅዎ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። አልሰጥም! ሲፈልጉ ከቤቱ ያስወጡኝ!"

ጋሽ ዘመንፈስ ቀንዳሙን ጠረጴዛው ላይ ትተው ተነሱ። ሲወጡ በማያየው ዓይናቸው በኩል ትከሻቸውን ከበሩ ጋር አጋጩት።

በማግስቱ እትዬ በለጡ መጡ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

"አቀማመጡን አይተኸዋል?" አሉኝ።

"የማንን?"

"የዘመንፈስን ነዋ። በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ በጎኑ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲመጣ ፊቱን አያዞርም፤ እኔን እንኳ፣ ሚስቱን! ያንን ዓይኑን ወደ ግድግዳው አድርጎ በዚህኛው ያየኛል። ትናንት ማታ ነው የገባኝ። ራሱን እንደ ሰይጣኖቹ ነው ያስቀመጠው።" እንባቸው መጣ። "አንተ ሥራው አይበላሽ ትላለህ። ሥራው ተርፎ ሰውየው ይጥፋ?"

ከልቤ አፈርኩ። እኔ ስለ እርሳስ ስጮህ አንድ ሰው ከፊቴ በራሱ ላይ ሲፈርድ አላየሁም። ኤግዚቢሽኑ ይቅር አልኩ በሆዴ፤ ዓለምም ይቅርባት። ቀንዳሙን ትሪው ላይ መልሼ፣ ትሪውን ይዤ ተከትያቸው ሄድኩ።

ጋሽ ዘመንፈስ እትዬ በለጡ እንዳሉት በረንዳው ላይ፣ በጎናቸው ተቀምጠዋል። ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ባዶ እጄን ላለመምጣት አንድ ማጽናኛ አዘጋጅቼ ነበር። "ጋሼ፣ እኔም እኮ በአንድ ዓይን ነው የምሠራው። አንዱን ጨፍኜ ነው በካሜራው የማየው" አልኳቸው።

"አንተ የጨፈንከውን ስትፈልግ ትከፍተዋለህ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማጽናናቱ ባይሆንልኝ ሙያዬ አለ። ርቀት የማይለካ ዓይንን ርቀት የሚያሳየው ነገር ምን እንደሆነ ፎቶ አንሺ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ጥላ ነው። መብራት በፈረቃ ነበርና የዚያን ዕለት የእኛ ሠፈር ጨለማ ነው፤ ፀሐዩ ግን የግንቦት ፀሐይ ነው። ደንበኞቼ ጸጉራቸውን የሚያበጥሩበትን መስታወት ከፎቶ ቤት አምጥቼ አጥሩ ላይ ደገፍኩት። ብርሃኑን አዙሬ፣ አዙሬ በጎን በኩል የቀንዳሙ ፊት ላይ አሳረፍኩት።

"ብሩሹን ያስጠጉ" አልኳቸው። "ፊቱ ላይ የብሩሹ ጥላ ይታይዎታል?"

"ይታየኛል።"

"ብሩሹንና ጥላውን እኩል ይመልከቱ። ሲቀርቡ ይቀራረባሉ። ጫፍና ጫፋቸው ሲገናኝ፣ ነክተዋል ማለት ነው።"

መጀመሪያ ባዶ ብሩሽ ይዘው ሞከሩት። ጥላው ከአንድ በኩል፣ ብሩሹ ከሌላ በኩል እየመጡ ሰይጣኑ ጉንጭ ላይ ተገናኙ። ጋሽ ዘመንፈስ "አሃ!" አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ተገናኙ። ድሮ ጣሪያውን ያስረሳኝ እጅ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ትንፋሻቸው ረጋ። እኔ መስታወቱን ይዤ ፀሐይዋ ስትሄድ እከተላታለሁ። እትዬ በለጡ በሩ ላይ ቆመዋል።

በአፍንጫው ላይ የፈሰሰውን ጠብታ በመጀመሪያ አጸዱለት። ከዚያ ነጩን አስቀመጡ፤ ከዚያ እሳቱን፤ ከዚያ ጥቁሩን። መጨረሻ ላይ በድመት ጸጉሯ ብሩሽ አንዲት የብርሃን ነጥብ ጣል አደረጉ። ዓይን ሆነ። እንደ ግራው ሆነ አልልም፤ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ግን ዓይን ነው፤ ያያል።

ጋሽ ዘመንፈስ ብሩሹን አስቀምጠው ሰይጣኑን ፊት ለፊታቸው አዞሩት። ተያዩ። እኔ የጠበቅሁት እንባ ነበር። ወይም ይቅርታ ሲጠይቁት እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ ሌሎቹን አምጣ ይሉኛል ብዬም የሚቀጥለውን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ሰይጣኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው መረመሩት።

"በለጡ" አሉ በመጨረሻ። "እስቲ ነይ እይልኝ። ምን ይመስልሻል?"

እትዬ በለጡ መጥተው ጎንበስ አሉ። "ምን ይመስለኛል! ሰይጣን ነዋ!"

"ሁለት ዓይን ሰጥቼው?"

"አራትስ ብትሰጠው!"

ጋሽ ዘመንፈስ ሳቃቸው መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው ነበር፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው፣ ትሪው ጉልበታቸው ላይ እስኪንኳኳ ሳቁ። "እኔም እኮ አሁን ይለወጥ፣ አሁን ይለወጥ እያልኩ ነው የማየው!" አሉ። "ምንም ብሠራው ያው ነው! ክፋቱ ከዓይኑ አልነበረማ!" ይህን ሲሉ ለሁለታችንም ለመናገር ከግድግዳው ዞረው ነበር፤ የጠፋው ዓይናቸውም፣ የቀረው ዓይናቸውም ወደ እኛ ነበር፤ በሁለቱም በኩል እንባ ይወርዳል። እትዬ በለጡ የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀኙንም ግራውንም ሳሙት። እኔ መስታወቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ብርሃኑ ግቢውን ሁሉ እየዞረ ተንቀጠቀጠ።

"ያን መስታወት አንድ ቦታ አሳርፈው እንጂ" አሉኝ ጋሽ ዘመንፈስ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ሌሎቹን እንዳሉ መልሳቸው፤ ልክ ናቸው።"